የአባ ፉት ኩባያ

ሰፈሩ በሙሉ «አባ ፉት» ነው የሚለው። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ እሷም ብትሆን ካልተናደደች በቀር አትጠራበትም። አባ ፉት የተባለው በሥራው ነው። ከፀጉር አስተካካዩና ከጫማ ሰፊው መሐል በተሰነቀረች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ የመድኃኒት ቅጠልን ከወጥ ቤት ቅመም ጋር እያዋሐደና እያፈላ ይሸጣል። ለደንበኛው ከመስጠቱ በፊት ግን ከዚያው ካፈላው ላይ በኩባያ ይቀዳና፣ ሰውየው ዓይን ዓይኑን እያየው፣ ፉት ፉት እያለ ኩባያውን ይጨርሳል። ከዚያ አፉን በእጁ ጀርባ ይጠርግና «ይኸው፣ እኔም አልሞትኩ» ይላል። ሰውየውም ያን ጊዜ ይስቅና ጠርሙሱን ተቀብሎ ይሄዳል።

ደንቡን ያወጣችው አክስቱ ናት። ቤቱ የእሷ ነበር፤ እሱንም ከልጅነቱ ጀምራ ያሳደገችው፣ ዝንጅብል መላጥ ያስተማረችውም እሷ ናት። ድሮ አንድ ቅጠል ሻጭ የማይሆን ነገር ቀላቅሎ ሸጦ፣ የጠጡት ሰዎች አልጋ ላይ ወድቀው ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ቅጠል የሚባል ነገር ሲያይ መንገድ እየቀየረ መሄድ ያዘ። አክስቲቱ ደግሞ በወሬ የምትበረግግ ሴት አልነበረችም። ያፈላችውን ከነድስቱ ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች። ሰውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ስትሞት ቤቱንም ደንቡንም ለወንድሟ ልጅ አወረሰችው። የረሳችው ነገር ቢኖር፣ በእሷ ጊዜ በቀን ብቅ የሚለው ደንበኛ በጣት የሚቆጠር መሆኑን መንገር ነው።

በአባ ፉት ዘመን ነገሩ ተለወጠ። ሰው ሁሉ ስለ እርድና ስለ ዝንጅብል፣ ስለ ሽፈራው ቅጠልና ስለ ጥቁር አዝሙድ ማውራት ጀመረ። ትናንት ቅጠል ሲባል አፍንጫውን ይይዝ የነበረው ሁሉ ዛሬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። አባ ፉትም ደስ አለው፤ ገበያ የሚጠላ ማን አለ? ግን አንድ ሰው በመጣ ቁጥር አንድ ኩባያ ነው።

ጠዋት ቤቱን ሲከፍት ጉንፋን የያዘው የታክሲ ሾፌር ይመጣል። ለእሱ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጦስኝ ይፈላል፤ አባ ፉት ይጠጣል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ቀጥላ እንቅልፍ እምቢ ያላት ልብስ ሰፊ ትመጣለች። ለእሷ የካሞማይል አበባ ከሄል ጋር ነው፤ ይጠጣል፣ ዓይኑ መክበድ ይጀምራል። ከእሷ ኋላ ደግሞ ቢሮ ቁጭ እንዳለ የሚያንቀላፋው ገንዘብ ያዥ አለ፤ ለእሱ ቅርንፉድና የጥብስ ቅጠል፣ ዝንጅብል በርከት ተደርጎበት። አባ ፉት ይህንንም ይጠጣና ልቡ ድው ድው ይላል። እንግዲህ ዓይኑ መተኛት ይፈልጋል፣ ልቡ መሮጥ ይፈልጋል፣ እግሩ ግን ከባንኮኒው ኋላ መቆም አለበት። ከሁሉ የሚያስፈራው ሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ነው። ሬት ከአብሽ ጋር! ያ ሰው ከተስተናገደ በኋላ አባ ፉት «አንዴ መጣሁ» ብሎ በጓሮ በር ይጠፋል። አንዳንዴም ሬቱ ገና ከጉሮሮው በቅጡ ሳይወርድ ወደ ላይ ይመለሳል። ተጉመጥምጦ፣ ፊቱን በውሃ አብሶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ብቅ ይላል።

የሚስቱ ሥራ ከባንኮኒው በስተጀርባ ካለው መጋረጃ ኋላ ነው። ቅጠሉን ጥላ ላይ ዘርግታ ታደርቃለች፣ ከቅመሙ ጠጠርና ገለባ ትለቅማለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች። ደንበኛ ፊት አትወጣም፤ የአግዳሚው ወሬ ራሷን ያዞራታል። ጣቶቿ በእርድ ቢጫ እንደሆኑ ቀርተዋል፤ በሳሙናም በሎሚም አልለቀቁም፣ እሷም ትታዋለች። ልጆቻቸው አግብተው ሩቅ ሄደዋልና በሁለቱ መሐል ብዙ ንግግር የለም። «ቀረፋ አለቀ» ትለዋለች። «እሺ» ይላታል። እራት ላይ የቀረበለትን እየነካካ ሲተወው «ምነው አትበላም?» ትለዋለች። «ጠግቤያለሁ» ይላታል። ዋሸ አይባልም፤ የሰፈሩን መድኃኒት ሲጠጣ ነው የዋለው።

ከሁሉ የሚኮራበት የጉልበት ሕመም ቅልቅሉ ነው። እርድ፣ ዝንጅብል፣ የሽፈራው ቅጠል፣ በላዩ ላይ ደቆ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። አዲስ ደንበኛ ካገኘ ማብራራት ይወዳል። እርድ ብቻውን ሲጠጣ አብዛኛው በሆድ አልፎ ይሄዳል፣ ወደ ደም የሚያስገባው ቁንዶ በርበሬው ነው ይላል። ይህ ደግሞ እውነት ነው። «እርዱ እንግዳ፣ ቁንዶ በርበሬው በር ከፋች!» ሲል አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በዚያ ሰፈር ለጉድ ነው፤ ሕንፃው ሁሉ ደረጃው ብዙ፣ አሳንሰሩ ብልሹ።

ድካሙ ሲጀምረው ዕድሜ ነው አለ። ካልጋው ሲነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሸክም ሲሸከም ያደረ ይመስል አካሉ ድቅቅ ይላል። ምግብ ሲያይ ያቅለሸልሸዋል። ቆዳውን ያሳክከዋል፤ ደንበኛ እያነጋገረ ክንዱን ሲያክ ይውላል። አንድ ቀን ሚስቱ መስኮቱ አጠገብ አቆመችውና የዓይኑን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አደረገች።

«አንተ ሰው፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗል።»

«የእርድ ብናኝ ነው።»

«ብናኝ ቢሆን የእኔስ ዓይን ውስጥ ምነው አልገባም?»

«እሺ በቃ፣ እታጠባለሁ።»

ታጠበ። አልለቀቀም። ይኼኔ ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። አባ ፉት ግን ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ድካም ሲያፈላ የኖረ ነውና ለራሱም አፈላ። ያውም ያንኑ የሚኮራበትን፣ እርዱን ጨመር፣ ቁንዶ በርበሬውን ጨመር አድርጎ። የደንበኞቹን እየጠጣ በላዩ የራሱን ደረበበት። እንዲህ ያለውን ሞኝነት የሚሠራው የሙያው ባለቤት ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ቢያንስ ጣዕሙን ፈርቶ ይተወው ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ጠርሙስ እያቀበለ ባንኮኒውን ደገፍ አለ፣ ከዚያ ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ ሱቁን ዘግታ፣ ክንዱን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ተራው ረጅም ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ከበሽተኛው ብዛት የተነሳ እሷም ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ደሙን አስመርምራ ውጤቱን አየች፣ ደግማ አየች።

«አባባ፣ ጉበትዎ ተጎድቷል። መጠጥ ይጠጣሉ?»

«ኧረ እኔ! በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

ሚስቱ ከጎኑ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አረቄ ምናምን አልጠጣም ማለቴ ነው» አለ አባ ፉት። «ሌላ ሌላውን... ትንሽ ትንሽ ፉት እላለሁ።»

ሐኪሟ ሌላ ሌላው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከነማብራሪያው መዘርዘር ጀመረ። እሷም መጻፍ ጀመረች፤ ትንሽ ቆይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ታዳምጠው ጀመር።

«ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ነው?»

«እንደ ገበያው ነው፣ ዶክተር።»

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችውምም። «ያዳምጡኝ» አለችው። «ዝንጅብሉም እርዱም ክፉ አይደሉም። ምግብ ውስጥ ሲገቡ እኔም እበላቸዋለሁ። እርስዎ ግን በየቀኑ የሚጠጡት የአንድ ሰፈር መድኃኒት ነው። ቁንዶ በርበሬው እርዱን ወደ ደም ያስገባዋል ያሉት ልክ ነው። የገባውን ሁሉ የሚያስተናግደው ግን ጉበት ነው፤ እሱ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል።»

«አልሞትኩም እኮ» አለ አባ ፉት፣ ልማድ ሆኖበት።

«ገና ነዋ» አለችው። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጉንጭ እንኳ እንዳይቀምሱ። ካቆሙ ሊያገግም ይችላል። ከቀጠሉበት ግን እኔም ልመልሰው አልችልም።»

ወደ ቤት ሲሄዱ እሷ ክንዱን እንደያዘች ነው፤ እሱ ጫማውን እየጎተተ ይራመዳል። አባ ፉትን ያስጨነቀው ሞቱ አልነበረም፤ የራሱን ሞት እንዲህ በአንድ ቀን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ያስጨነቀው የነገው ጠዋት ነው። ሳይጠጣ ቢሸጥ ማን ይገዛዋል? ያቺን ቤት በየጥጉ ካለው ቅመም ሻጭ የሚለያት ኩባያዋ ናት። ሌላ ሙያ አያውቅ፤ በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? የሚበሉት ከዚያች ባንኮኒ ላይ ነው።

በማግስቱ ዘዴ ፈጠረ። ኩባያውን ወደ አፉ ያስጠጋል፣ ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል፣ ጉሮሮውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ሰው ዞር ሲል ኩባያውን ከባንኮኒው ሥር ባልዲ ውስጥ ይደፋዋል። ዘዴው ጥሩ ሄደ፤ ተቆጣጣሪው እስኪመጡ ድረስ። ተቆጣጣሪው ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሥራው ቢተዋቸውም ቁጥጥሩ አልተዋቸውም። ሁልጊዜ የአግዳሚውን ፊተኛ ቦታ ይይዛሉ፤ እሳቸው አየሁ ካሉ ሰፈሩ አየ ማለት ነው።

«አልዋጥክም» አሉት።

«ውጫለሁ፣ ጋሼ።»

«እስቲ ኩባያውን አሳየኝ።»

ኩባያው ሙሉ ነው። አግዳሚው ላይ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ።

«ስለሚያቃጥል ብዬ ነው፤ ይብረድልኝ ብዬ» አለ አባ ፉት። እንፋሎት የሌለው ኩባያ ይዞ እንዲህ ማለት ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ዛሬ ምን ብትቀላቅልበት ነው አንተ ራስህ የፈራኸው?»

ይኼኔ መጋረጃው ተገለጠ። ሚስቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ደንበኛ ፊት ቆማ ያያት ሰው አልነበረምና ሁሉም ዞሮ አያት። ኩባያውን ከባሏ እጅ ወሰደች፣ እስከ ታች ጨለጠችው፣ ገልብጣም አሳየቻቸው።

«እሱን ጉሮሮውን አሞት ነው» አለች። «እስኪሻለው ድረስ ቀማሿ እኔ ነኝ።»

«እንዲህ አትሉንም ታዲያ!» አሉ ተቆጣጣሪው፣ ጠርሙሳቸውንም ተቀበሉ።

ቤቱን ሲዘጉ አባ ፉት ተቆጣ። «ሐኪሟ ያለችውን አልሰማሽም?»

«ያለችው ለአንተ ነው። እኔ ደህና ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«አንተ እስክትድን።»

«ከዳንኩ በኋላስ? መልሼ ልጠጣው ነው?»

እሷ ድስቱን መፈተግ ያዘች። ቁጣውም እዚያው ላይ በረደ። እውነቱን ለመናገር፣ አባ ፉት በሆዱ እፎይ ብሎ ነበር። በዚህም አፈረ። ግን ደክሞት ነበር፤ በጣም የደከመው ሰው ሸክሙን ማን እንደተቀበለው ለመጠየቅም አቅም ያጣል።

ቦታ ተለዋወጡ። እሷ ባንኮኒው ላይ ቆመች፣ እሱ ከመጋረጃው ኋላ ጠጠር ይለቅም ጀመር። ቀን በቀን የዓይኑ ቢጫነት እየቀነሰ፣ እህልም አፉ ላይ ጣዕም እያገኘ መጣ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ የሚሠራው ጆሮው ነው። ሾፌሩ ሲያስነጥስ ይሰማል፤ ነጭ ሽንኩርቱ አሁን የሚስቱን ደረት እያቃጠለ ሲወርድ ይታወቀዋል። ልብስ ሰፊዋ ስትስቅ ይሰማል፤ አሁን የሚስቴ ዓይን ከብዷል ይላል በልቡ። እያንዳንዷን ጉንጭ ያውቃታል። የት ጋ እንደምትቆረቁር፣ የት ጋ እንደምትተናነቅ፣ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ እንደምትመለስ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ተስተናግዶ እንደሄደ፣ የጓሮው ቧንቧ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲንዠቀዠቅ ሰማ። ድስት የምታጥብ መሰለው። በማግስቱም ሰማ። ድስቱ ግን ምድጃው ላይ ነው። ተነሳና በጓሮው በር ስንጥቅ አየ። በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ጎንበስ ብላለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃው በከንቱ ይፈሳል። ስትጨርስ ቀና አለች፣ ተጉመጠመጠች፣ ደም ያላቸው እንዲመስሉ ጉንጮቿን ቆነጠጠች፣ ገባች። አባ ፉት ከበሩ ኋላ ተለጥፎ አሳለፋት። ወዲያው ከባንኮኒው በኩል ድምጿን ሰማ፤ «ይኸው፣ እኔም አልሞትኩ» ትላለች፣ ሰዎቹም ይስቃሉ።

ራሱ ሲጠጣው ሥራ ነበር፤ የሚያቃጥል ሥራ፣ የሚያስመልስ ሥራ፣ ግን ሥራ። አማርሮበትም አያውቅም። እሷ ስትጠጣው ሌላ ነገር ሆነበት። በቀጣዮቹ ቀናት ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር ጆሮውን በመዳፉ ይደፍናል፤ ጠጠር ለቀማውም ተበላሸ፣ ጠጠሩን አስቀርቶ ቅመሙን ሲጥል ራሱን ያገኘዋል።

እንዲህ ሲል ሰንብቶ፣ አግዳሚው ጢም ብሎ በሞላበት አንድ ቀን፣ ሬትና አብሽ የፈላበት ድስት ሲከፈት ሽታው ደረሰው። ኩባያው ባንኮኒው ላይ ኳ ሲል ሰማ። ተነሳ፣ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ፣ ኩባያውን ከከንፈሯ ላይ ነጥቆ ባልዲው ውስጥ ደፋው።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት አይቀምስም» አለ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ተቆጣጣሪው።

«ማለትማ፣ ጋሼ፣ የታመመው ጉሮሮዬ አይደለም፣ ጉበቴ ነው። የእናንተን መድኃኒት ሁሉ ስጠጣ ኖሬ ነው የታመምኩት። አሁን ደግሞ እሷን ላስታምማት ነው። የሚያምነን ይውሰድ፣ የማያምነን ይሂድ። እኔ ከእንግዲህ ሰው ለማሳመን የምጠጣበት ሆድ የለኝም።»

ተቆጣጣሪው እጃቸው ላይ ያለውን የጉልበት መድኃኒት ጠርሙስ አዩት። «አንተን የጎዳህ እኛንስ አይጎዳንም?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። አባ ፉትም ደክሞት ነበርና ለመዋሸት አልሞከረም። «ከበዛ ይጎዳል» አለ። «በየቀኑ በጠርሙስ አትጋቱት። ምግባችሁ ላይ በቁንጥጫ ጣል አድርጉት። ጉልበታችሁ አልሻል ካለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ተራው ረጅም ነው እንጂ ልጅቷ ጥሩ ናት።»

እንዲህ ብሎ በገዛ አፉ ገበያውን ቀበረው። ተቆጣጣሪው ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። ከእሳቸው ኋላ ሌላው ተነሳ፣ ከዚያም ሌላው። አንዳንዱ «ደህና ሁኑ» አለ፣ አንዳንዱ መሬት መሬት እያየ ሄደ። አግዳሚው ባዶ ቀረ።

ሚስቱ ከባንኮኒው ወጥታ እዚያ ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አደረግክ?» አለችው። «ነገ ምን ልንበላ ነው?»

«እንጃ።»

«እችለው ነበር እኮ። ማን ጠየቀህ? እስክትድን ልችለው ነበር።»

«እኔ አልቻልኩም» አላት። «ከጓሮ ስሰማሽ ነበር። ቧንቧውን ከፍተሽ ስታስመልሺ። ጆሮዬን ብይዝ፣ ብደፍን፣ አልሆነልኝም። ጥቂት ቀን ብሰማሽ ሊገድለኝ ደረሰ።»

«ጥቂት ቀን» አለች። ሽርጧን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ፊቷን ጠረገችበት። «አንተ በጓሮ በር በወጣህ ቁጥር፣ እኔ ሙቀጫ ስወቅጥ አትሰማም ነበር?»

«እሰማለሁ። ሥራሽ አይደል?»

«ሙቀጫው ውስጥ ምንም አልነበረም» አለችው። «ደንበኛው አንተ ስታስመልስ እንዳይሰማህ ባዶውን ነበር የምወቅጠው። ይህን ሁሉ ዘመን።»

አባ ፉት መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። የመንገዱ በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ ሁለቱም ደክሟቸው ስለነበር ለመዝጋት የተነሳ የለም።